አዴ ጫልቱና የበሩ ዘበኛ ሆድ

አዴ ጫልቱ ማረፏን የሰማሁት መካኒሳ ወፍጮ ቤት፣ ገብስ ላስፈጭ ወረፋ ይዤ ቆሜ ነው። ባለወፍጮው ፉሪ ዘመድ አለው። እሱ ነው የነገረኝ።

«ያቺ ባለላሟ ሴትዮ ትናንት ተቀበረች» አለኝ፣ ማሽኑ ድምፁን እንዳይውጠው እየጮኸ።

«የትኛዋ?»

«በበጋም በክረምትም ቦቲ የምታደርገዋ።»

ሌላ ምልክት አላስፈለገኝም። ፀሐይ እየጠበሰ ቦቲ ጫማ የምታደርግ ሴት እኔ አንድ ብቻ ነው የማውቀው። ገብሴን ለማን አደራ እንዳልኩ እንኳ ሳላውቅ ወጣሁ። በማግስቱ ሠልስቷ ነበርና ፉሪ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ የሆነውን መጨረሻ ላይ እነግራለሁ። መጀመሪያ ግን ይህች ሴት ለኔ ምኔ እንደነበረች ልናገር።

ዘመዴ አይደለችም። ጎረቤቴም አልነበረችም። ውለታዋ ለሆዴ ነው። የሚስቅ ሰው ይሳቅ፤ እኔ ስለ ሆድ ድርቀት ነው የምጽፈው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ አሳምሬ አልጽፍም። የሆነውን ግን የማውቀው እኔ ነኝ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ባሉት ዓመታት ላፍቶ የአንድ ዱቄት ፋብሪካ በር ዘበኛ ነበርኩ። ያኔ ላፍቶ እንዳሁኑ ፎቅ በፎቅ አልሆነም ነበር። ከአጥራችን ወዲያ ገብስ ይዘራ ነበር፤ ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ፋብሪካው ስንዴ ያስገባና በአንድ በኩል ፊኖ ዱቄት፣ በሌላ በኩል ፉርሽካ፣ ማለት የስንዴውን ልጣጭ፣ ያወጣል። ፊኖው ለሰው ነው፤ ፉርሽካው ለከብት። ይህን ማንም የጻፈው የለም። ሁላችንም ግን እንደ ሃይማኖት እናምንበት ነበር።

ለእኛ ለሠራተኞቹ ፊኖ ይሰጠናል። ጤፍ ተወድዶ ስለነበር ቤታችን ቁርስ ነጭ ዳቦ በሻይ፣ ምሳም ነጭ ዳቦ በሻይ፣ ማታ መኮሮኒ ሆነ። የሰፈር ሰው «ፊኖዎቹ» ይለናል፤ እኔም ደስ ይለኛል። ባለቤቴ አስካለ ያንን የነጣ ዱቄት እንደገና በወንፊት ትነፋዋለች።

«ምን ቀርቶበት ነው የምትነፊው?» ስላት፣

«ጥቁር ነገር እንዳይገኝበት ነዋ» ትላለች።

የዱቄት ፋብሪካ ሰው ጥቁር ዳቦ በላ ከሚባል ሞት ይሻላል፤ አስተሳሰባችን እንደዚህ ነበር።

ታዲያ ሆዴ ደረቀ። መጀመሪያ ቀን እየዘለለ፣ በኋላ ሳምንት እየዘለለ። የፋብሪካው ሽንት ቤት ያለው ከጎተራው ጀርባ፣ ከበሩ ሩቅ ነው። እዚያ ተቀምጬ ላብ ያጠምቀኛል፤ ምጥ እንደያዛት ሴት ግድግዳ እጨብጣለሁ። በሩ ላይ መኪና ጡሩምባውን ይነፋል። ተነስቼ ብሄድ አልወጣልኝም፤ ብቀመጥ የልጆቼ እንጀራ ነው። የጉሎ ዘይት ጠጣሁ፤ ሰናማኪ አፍልቼ ጠጣሁ። እሱ ደግሞ ሌላ መከራ ነው፤ ሲመጣ በሩን ለመዝጋት እንኳ ጊዜ አይሰጥም። በማግስቱ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል።

ሥራ አስኪያጃችን ቀጭን፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። አንድ ቀን ሲመጣ በሩ ላይ አጣኝ። ከመኪናው ሳይወርድ፣

«ዘውዴ፣ በሩን ጥለህ የት ነው የምትጠፋው?» አለኝ።

ቆቤን አውልቄ ቆምኩ።

«ሁለተኛ ባዶ በር ካገኘሁ ሌላ ዘበኛ እፈልጋለሁ።»

«እሺ ጌታዬ» አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ልጆች አሉኝ፤ ከዘበኝነት ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። ግን ወንድ ልጅ ስለ መቀመጫው ለአለቃው ምን ብሎ ያወራል?

አዴ ጫልቱ በየሳምንቱ ከአህያዋ ጋር ለላሞቿ ፉርሽካ ልትወስድ የምትመጣ ባለላም ነበረች። አያት ቅድመ አያቶቿ እዚያው ላፍቶ ያረሱ ናቸው። ረጅም ነች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ ታስራለች፤ እግሯ ላይ ያ ጥቁር ቦቲ። እኔን «ኦቦ ዘውዴ» ትለኛለች፤ ኦቦ በኦሮምኛ ጋሼ፣ አዴ ደግሞ እትዬ እንደማለት ነው። ግን እርስዎ የሚባል ነገር አታውቅም። ለኔም አንተ፣ ለቄሱም አንተ፣ ለባለሥልጣንም አንተ። እኔም በዕድሜ ብትበልጠኝም አንቺ አልኳት፤ በዚሁ ተስማማን።

ጆንያው ሲፈታላት በእፍኟ ዘግና ታሸተዋለች፤ በጣቶቿ ታሸዋለች፤ ከዚያ ምላሷ ላይ ጣል ታደርገዋለች። ጫኞቹ ይስቃሉ።

«አዴ፣ ለላሞቹም ተዪላቸው እንጂ!»

«አንተ ሚስትህ ሳትቀምስ ወጥ ታቀርብልሃለች?»

«እኔ ላም አይደለሁማ!»

«እሱን ላሞቹ ይናገሩ» ትላለች። ጫኙ አፉን ይይዛል።

ሥራ አስኪያጁ ካስጠነቀቀኝ በኋላ በነበረው እሁድ ወተት ልገዛ ግቢዋ ሄድኩ። ስደርስ አንዷ ላም አንገቷን ደፍታ ቆማለች፤ መድኃኒት ተወግታ ከዳነች ወዲህ መብላት እምቢ ብላለች። አዴ ጫልቱ የሌላዋን፣ የጤነኛዋን ላም አፍ በአንድ እጇ ይዛ በሌላው የምታመሰኳውን ከጉንጯ አወጣች። ያንን አረንጓዴ ነገር ወስዳ ለታመመችው አጎረሰቻት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ገበያተኛ እያበደርኳት ነው።»

«የምን ገበያተኛ?»

«ና ወዲህ።» ራሴን ይዛ ጆሮዬን የጤነኛዋ ላም ጎን ላይ ለጠፈችው። ውስጡ ይጉረመረማል፤ ይንቦጫረቃል፤ ደግሞ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ይላል። «ሰማህ? ሆድ ገበያ ነው። በዓይን የማይታዩ ትንንሾች አሉበት። ሣሩን የሚሠሩት እነሱ ናቸው። እነሱ ከበሉ ለላሚቱ ይተርፋታል፤ እነሱ ከተራቡ ሣር ቢቆለልም ሆዷ ውስጥ ይቆማል። የዚችኛዋ ገበያ ተበትኗል።»

ወተቴን ይዤ ልሄድ ስል ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አንተስ? ያንተ ገበያ መቼ ነው የተበተነው?»

«እኔ ምን ሆንኩ?»

«በመጣሁ ቁጥር በሩ ላይ ፀሐይ ያቃጥለኛል። አንተ ከጎተራው ጀርባ እየተጎተትክ ትመጣለህ። እኔ ጠዋት ተነስቼ ከሰላምታ በፊት የማየው እበት ነው። የደረቀበትን ከብት ባረማመዱ አውቀዋለሁ።»

«እኔ ላም ነኝ?»

«ላም ብትሆን ይሻልህ ነበር። ላም አታፍርም።»

ሌላ ሰው ቢሆን ወተቱን ደፍቼበት እሄድ ነበር። ግን ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ስለጠየቀችኝ ቆምኩ።

«ምንድነው የምትበላው?»

«ዳቦ።»

«የምን ዳቦ?»

«የፊኖ ነዋ!» አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

ላሚቱን ተደግፋ ሳቀች፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። «ወይ ኦቦ ዘውዴ! የገበያተኛውን ምሳ ለላሞቼ ታስጭንልኛለህ፤ አንተ ባዶ መሶብ ይዘህ ቤትህ ትገባለህ።» ከዚያ ጣቷን ቀሰረችብኝ። «ፉርሽካውን ዱቄትህ ውስጥ መልሰው። ገብስ ብላ፤ ሽንኩርት ብላ፤ የባቄላ ንፍሮ ብላ። እናንተ ከተሜዎች ንፍሮ የምትበሉት ሰው ሲሞት ነው፤ ሆዳችሁ የሚደሰተው ልቅሶ ቤት ብቻ ነው ማለት ነው። አንተ እኔ እስክሞት እንዳትጠብቅ። ውሃ ጠጣ። ቀስ እያልክ ግን፣ ሰማህ? ቀስ እያልክ!»

ሰማሁ። እኔ ግን ቀስ ማለት አልፈጠረብኝም። በዚያ ላይ ሰው የከብት መኖ በላ እንዳይለኝ በድብቅ ነው የማደርገው። የመጋዘኑን ኃላፊ «ለዶሮዎቼ» ብዬ ፉርሽካ ለመንኩት። ዶሮ የለኝም። ቤት ወስጄ ዳቦው ላይ አስካለን ግማሽ በግማሽ አስጨመርኳት፤ እንደ አሸዋ የሚንኮሻኮሽ ነገር ወጣ። ቁርስም ምሳም እራትም እሱን ዋጥኩ። ውሃውን ግን ተውኩት። ውሃ ከጠጣሁ ደግሞ ለሽንት ከበሩ መራቄ ነው ብዬ አሰብኩ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ።

ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፋ። ቀበቶዬ አልዘጋ አለ። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ወገቤን የሚቆርጥ ቁርጠት ያዘኝ። ፉርሽካ የሚጫንበት ቀን ስለነበር በሩ ላይ አዴ ጫልቱ አህያዋን ይዛ ቆማለች።

«ሂድ» አለችኝ፣ ፊቴን አይታ።

«በሩስ?»

«በር መጠበቅ እንደ ላም መጠበቅ ነው፤ እንዳይወጣ፣ እንዳይገባ። ሂድ!»

ሄድኩ። ከጎተራው ጀርባ ሆኜ የሥራ አስኪያጁን መኪና ጡሩምባ ሰማሁ። ድምፁን አውቀዋለሁ፤ አጭር ነው። ዛሬ አለቀልኝ አልኩ። ተነስቼ ሱሪዬን እየታጠቅሁ ስሮጥ፣ እሷ የበሩን ሰንሰለት በሁለት እጇ ይዛ መኪናው ፊት ቆማለች።

«ክፈቺ እንጂ!» ይላል ሾፌሩ።

«ዘበኛው የለም። የሚገባውንና የማይገባውን የሚያውቀው እሱ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ መስኮቱን አወረደ። «እመቤት፣ እኔ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ነኝ።»

«እኔ ደግሞ የላሞቹ ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ትንሽ ጠብቅ፤ ላሞቼም ጠብቀዋል።»

ጫኞቹ ከየመኪናው ላይ ወርደው ተሰበሰቡ። እኔ ደረስኩ፤ ልብሴ በላብ ርሷል፤ ቀበቶዬ ተንጠልጥሏል።

«የት ነበርክ?» አለኝ።

መሬት መሬት አየሁ። እውነቱን ካልተናገርኩ ሥራዬ እንደሚሄድ አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ እንግዲህ፤ ከማፈር መራብ መርጬ ዝም አልኩ።

«እንግዲያው ነገ ቢሮ መጥተህ...» ሲል አዴ ጫልቱ አላስጨረሰችውም።

«ሆዱ ደርቆበት ነው!» አለች፣ እስከ ጎተራው በሚሰማ ድምፅ። «ሽንት ቤት ነው የሚቀመጠው፤ አይወጣለትም። ለአንተ መናገር አፍሮ ነው። ምን ያሳፍራል? አንተስ፣ ደህና ይወጣልሃል?»

ጫኞቹ እርስ በርስ ተደጋገፉ። አንዱ ጆንያ ላይ ወድቆ ሳቀ። እኔ መሬት ብትከፈት ሳላመነታ እገባ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግን አልሳቀም። ጆሮው ቀላ። ወደኔ ዞረና፣

«ዘውዴ፣ እውነት ነው?» አለኝ።

«እውነት ነው ጌታዬ።»

«እኔ እኮ ከኋላ በአጥር ዱቄት የምታሻግር መስሎኝ ነበር።» ራሱን ነቀነቀ። «ሕመም ነው ብለህ አትነግረኝም? ነገ ጤና ጣቢያ ሄደህ ተመለስ። በሩን...» አዴ ጫልቱን አያት። «በሩን ሌላ ሰው ይጠብቃል። የምታስገባን ሰው።»

ሥራዬ እንዲህ ተረፈ። እኔ ግን ተናደድኩባት። በሰው ፊት አዋርዳኛለች አልኩ። ስትመጣ በሩን ከፍቼ ፊቴን አዞራለሁ። ሰላምታዋን አልመልስም። እሷ ምንም አልመሰላትም። በመጣች ቁጥር «ገበያው እንዴት ነው?» ትልና የባቄላ ንፍሮ በጨርቅ ቋጥራ የዘበኛ ጎጆዬ ደፍ ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች።

ጤና ጣቢያ ያየችኝ ሲስተር ወጣት ናት። ሆዴን ጫን ጫን አደረገችና የምበላውን ጠየቀችኝ። ባለላሟ ያለችኝን ስነግራት ፈገግ አለች።

«ልክ ነግራዎታለች፣ አባባ። አንጀታችን ውስጥ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሉ። ፋይበሩን፣ ማለት የእህሉን ልጣጭ፣ እኛ መፍጨት አንችልም፤ ሳይፈጭ ይደርሳቸውና እነሱ ይመገቡታል።»

ባክቴሪያ ሲባል እኔ የማውቀው በሽታ ነው። «ልታከም መጥቼ በሽታ ልቀልብ?» አልኳት።

«እነዚህ እንደ ቤተሰብ ናቸው። ግን ለፋይበር አልለመዱም፤ በአንዴ ሲያበዙባቸው ነው ሆድዎ የተነፋው። በትንሽ በትንሹ ይጨምሩ። ያለ ውሃ ከበሉት ፉርሽካው ራሱ ሆድዎ ውስጥ ይደርቃል። ሲመጣብዎ ደግሞ አይያዙት። ደም ካዩ ወይም ሕመሙ ከባሰ ቶሎ ይምጡ።»

አዴ ጫልቱም ይህንኑ ነበር ያለችው፤ ቀስ እያልክ፣ ውሃ ጠጣ። በኋላ ስነግራት «ከጭድ ወደ እርጥብ ሣር ባንድ ቀን ያሻገርካት ላም ተነፍታ ትሞታለች። አንተ ያልሞትከው እግዚአብሔር ለፋብሪካው አዝኖ ነው» አለችኝ።

ቤቴ ገብቼ አስካለን ወንፊቱን እንድትሰቅል ነገርኳት።

«ሰው ምን ይለናል?» አለች።

«ሰው ሽንት ቤት ገብቶ አያግዘኝም!»

ፉርሽካው በእፍኝ ዳቦው ውስጥ ገባ፤ ቆይቶ ሌላ እፍኝ። ተልባ በጠዋት፤ ገብስ ቆሎ በኪሴ፤ ጀሪካን ውሃ ጎጆዬ ውስጥ። የተናደድኩባትን ሴት ንፍሮም እየተናደድኩ በላሁት። ሳምንታት ሄዱ። አንድ ማለዳ ገና ጸሎቴን ሳልጨርስ ሆዴ ጠራኝ። ሄድኩ፤ ተቀመጥኩ፤ ጨርሼ ተነሳሁ። ያለ ምጥ፣ ያለ ላብ። ከሽንት ቤት ስወጣ ሰማዩ የተለየ መሰለኝ። ልጅ ተወልዶልኝ እንኳ እንደዚያ ቀለል ብሎኝ አያውቅም።

እንደዚህ ያለ ደስታ ለማን ይነገራል? ለአስካለ ነገርኳት፤ «እሰይ» ብላ ሻይዋን ቀዳች። ለጫኞቹ አይነገርም። ደስታዬን የሚያውቅልኝ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሷን ደግሞ አኩርፌያታለሁ። የፉርሽካዋ ቀን እስኪደርስ ቸኮልኩ። ስትመጣ ሰንሰለቱን ፈትቼ ጠጋ አልኳትና በሹክሹክታ፣

«ወጣልኝ» አልኳት።

«አ?»

«ወጣልኝ አልኩሽ።»

«ጮክ በል፤ አልሰማሁም!» ሰምታለች። ዓይኗ ይስቃል።

«አልጮህም!»

«ስትታመም አፍረህ፣ ስትድንም አፍረህ? እንግዲያው እኔም አልሰማሁም» ብላ አህያዋን ነድታ ገባች። ከዚያ ወዲህ ለዓመታት «ጮክ ብለህ ካልነገርከኝ አልዳንክም» እያለች ታሾፍብኝ ነበር። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ አልጮኽኩላትም።

ሥራ አስኪያጁ አንድ ጠዋት መኪናውን በሩ ላይ አቁሞ መስኮቱን በትንሹ ከፈተ። ሾፌሩ እንዳይሰማ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያ ጠዋት ጠዋት ትወስዳለህ ያሉኝ ተልባ... ተቆልቶ ነው ወይስ በጥሬው?» አለኝ። ለአዴ ጫልቱ ይህን ስነግራት ጆንያ የተጫነባትን አህያ ረስታ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች።

በኋላ ላፍቶ ቤት እየተሠራበት መጣ። ግጦሹ አለቀ፤ አዴ ጫልቱም ላሞቿን ይዛ ወደ ፉሪ ሄደች። እዚያም ዙሪያውን ቤት ሲከብባት አንዷን ላም ብቻ አስቀረች አሉ። አልፎ አልፎ ሐና ማርያም ንግሥ ላይ እንገናኛለን። እድሜ ጎንበስ አድርጓታል። በሕዝብ መሃል ከሩቅ ታየኝና እጇን ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች፤ «ጮክ በል» ማለቷ ነው። እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ።

እንግዲህ ፉሪ፣ ሠልስቷ ላይ። ድንኳኑ ሞልቷል። ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በአንድ በኩል። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ገብቼ አልቅሼ ተቀመጥኩ። ንፍሮ በሰፌድ ዞረ፤ ባቄላና ስንዴ። ዘገንኩ። እኔ እስክሞት እንዳትጠብቅ ያለችኝ ትዝ ብሎኝ አንድ አንድ ባቄላ ቀስ እያልኩ አኘክሁ።

ልጇ ብዙነሽ ሰፌዱን ይዛ ፊቴ ቆመች። ቁመቷ የእናቷ ነው።

«የዱቄት ፋብሪካው ዘበኛ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ ልጄ። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

«እማዬ ከማረፏ በፊት 'ያ ዘበኛ ልቅሶዬ ላይ መምጣቱ አይቀርም፤ ይወጣልሃል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ' ብላኝ ነበር።» ልጅቷ አፈረች፤ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ምን ማለቷ እንደሆነ እኔ...»

ዙሪያዬን አየሁ። ቄሶች አሉ፤ ሽማግሌዎች አሉ፤ የማላውቃቸው ባለ ክራባት ሰዎች አሉ። ከወንበሬ ተነሳሁ። ጮክ በል ስትለኝ የኖረችው ሴት ከድንኳኑ ወዲያ፣ ከቤቱ ጓሮ፣ ያቺ አንዷ ላም ከታሰረችበትም ወዲያ ናት፤ እስከዚያ እንዲደርስ ብዬ ደረቴን ሞላሁ።

«ይወጣል!» አልኩ። «በየማለዳው ይወጣል! ያለ ምጥ!»

አንድ ቄስ ንፍሮው አፉ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ብዙነሽ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ እንባዋ ይወርዳል፤ የእናቷን ሳቅ ነው የምትስቀው።

ተቀመጥኩና እጄን ዘረጋሁ።

«ጨምሪልኝ» አልኳት፣ «ባቄላውን አብዝተሽ።»